ሲየርፒንስኪ ሦስት ማዕዘን ላይ ደፉ ለምን አይረጋልኝም?

ኮዱ_አበደ · ሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ፊዚክስ ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ የመመረቂያ ሥራዬ ፐርኮሌሽን ላይ ነው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ አንድ ፍርግርግ እንወስዳለን። እያንዳንዱን መስመር በፒ ዕድል ክፍት፣ በቀረው ዕድል ዝግ እናደርገዋለን። ፒ ትንሽ ሲሆን ክፍቶቹ መስመሮች እዚህም እዚያም የተበታተኑ ትንንሽ ዘለላዎች ናቸው። ፒ አንድ ቁጥር ሲያልፍ ግን ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ትልቅ ዘለላ ብቅ ይላል። ደፍ የምንለው ያንን ቁጥር ነው። ካሬ ፍርግርግ ላይ ደፉ ልክ 1/2 እንደሆነ ኬስተን የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1980 አረጋግጧል፣ የኔም ኮድ 0.5 ነው ያወጣው። የሦስት ማዕዘን ፍርግርግ ላይ 0.347፣ እሱም ልክ ነው። እስከዚህ ሰላም ነበር።

ከዚያ አድቫይዘሬ «እስቲ ፍራክታል ላይ ሞክረው» አሉ፣ ትንሹ ቁራጭ ትልቁን የሚመስልበት ቅርጽ ማለት ነው። ሲየርፒንስኪ ሦስት ማዕዘንን መረጥኩ፤ ሦስት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖችን በጥግ በጥጋቸው አጣብቀህ አንድ ትልቅ ትሠራለህ፣ እንደዚያ ዓይነት ሦስት ትልልቆችን ደግሞ አጣብቀህ የባሰ ትልቅ፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ማጣበቅ አንድ ደረጃ ነው። የምለካው የታችኛው ግራ ጥግ ከታችኛው ቀኝ ጥግ ጋር የመገናኘቱን ዕድል ነው። ዕድሉ ግማሽ የሚሆንበትን ፒ ስፈልግ ደረጃ 4 ላይ 0.69 ገደማ፣ ደረጃ 9 ላይ 0.80 ገደማ ይሰጠኛል። ፒን 0.8 ላይ ቸክዬ ደረጃውን ብቻ ስጨምር ደግሞ ደረጃ 5 ላይ 83 በመቶ፣ ደረጃ 8 ላይ 62፣ ደረጃ 10 ላይ 29!

ቁጥሩ እየሸሸኝ ነው። ስህተቱ የት ነው?

---

ዘለላ · ሰኞ፣ ማታ 3:32

ኮዱን ሳላይ መፍረድ ይከብደኛል፣ ግን ካሬውንም ሦስት ማዕዘኑንም ካለፈ ዩኒየን-ፋይንዱ (የተገናኙትን ወደ ዘለላ የሚሰበስበው ክፍል) ደህና ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጥ፤ ሦስቱን ክፍሎች ስታጣብቅ የጋራው ጥግ አንድ ቁጥር ነው ወይስ ሁለት ጊዜ ቆጥረኸዋል? እኔ አንድ ጊዜ እዚያ ላይ ሳምንት አጥፍቻለሁ።

---

ኮዱ_አበደ · ሰኞ፣ ማታ 3:41

አንድ ነው። ደረጃ 9 ላይ 59,049 መስመር አለኝ፣ ማለትም 3 በራሱ እየተባዛ፣ 3 አሥር ጊዜ። ልክ ነው።

---

ያለኝ_ግምት · ሰኞ፣ ማታ 4:05

ይሄ ቀላል ነው፣ ምን አስጨነቀህ። የሦስት ማዕዘኑ ፍራክታል ዳይሜንሽን፣ ማለትም ቅርጹ ቦታን ምን ያህል እንደሚሞላ የሚለካው ቁጥር፣ 1.585 ነው። ቀጥ ያለ መስመር ዳይሜንሽኑ 1፣ ደፉም 1 ነው፣ አንድ መስመር ከተዘጋ አለቀለት። ካሬው ዳይሜንሽኑ 2፣ ደፉ 0.5። ያንተ መሃል ላይ ስለሆነ ደፉም መሃል ላይ፣ 0.7 አካባቢ ይሆናል። ደረጃ 4 ላይ ያገኘኸው 0.69 እውነተኛው ነው። ከዚያ በላይ ያለው የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪህ ችግር ነው።

---

ፍርግርጓ · ሰኞ፣ ማታ 5:18

ያለኝ_ግምት፣ አትቸኩል :) ልጁ ያገኘው ሁሉ ልክ ነው። ኮዱም አላበደም። ደፉ 1 ነው።

ለምን? ጎጃም በመኪና ከአዲስ አበባ ስትሄድ ጎሐ ጽዮንና ደጀን መሃል ያለውን የዓባይ ድልድይ አስብ። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ የፈለግከውን ያህል መንገድ ሥራ፤ አስፋልቱን አባዛ፣ ኮረኮንቹን ጥረግ። ድልድዩ ከተዘጋ ግን ያ ሁሉ መንገድ በዚያ በኩል ምንም አይፈይድህም። የሲየርፒንስኪ ሦስት ማዕዘን ሁለመናው እንዲህ ነው። 3 መስመር ያለው ትንሹም፣ 59,049 መስመር ያለው ትልቁም ከቀረው ዓለም ጋር የሚገናኙት በጥጎቻቸው ብቻ ነው። አገሩ ይሰፋል፣ ድልድዩ አይበዛም።

አንድ ጫፍ ላይ ቆመህ ወደ ውጭ ልትወጣ ነው እንበል። የያዘህ ሦስት ማዕዘን ሌሎች ሁለት ጥጎች አሉት። እያንዳንዱ ጥግ ላይ ከውስጥ የሚደርሱት መስመሮች ሁለት ብቻ ናቸው። እነዚያ አራቱ ከተዘጉ ታስረሃል። ፒ 0.8 ከሆነ አራቱም የመዘጋታቸው ዕድል 0.2 አራት ጊዜ ተባዝቶ ነው፣ 0.0016። ኢምንት ናት፣ ግን በየደረጃው እንደገና ትመጣለች፣ መጠኗም አይቀንስም። ደረጃዎቹ ማለቂያ ከሌላቸው አንዱ ላይ መታሰርህ አይቀርም። ፒ 0.999 ቢሆንም ያው ነው፣ ብቻ ሩቅ ሄደህ ነው የምትታሰረው። ይህ አንዱ የመታሰሪያ መንገድ ብቻ ነው፣ ሌሎችም ስላሉ መቆረጡ ከዚህ ቀድሞ ይመጣል።

ይህን ገፈን፣ ማንደልብሮና አሃሮኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 ነው በግልጽ ያስቀመጡት። ቁም ነገሩ ዳይሜንሽኑ አይደለም፤ አንድን ትልቅ ቁራጭ ከቀሪው ለመለየት ስንት ቦታ መቁረጥ ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ነው።

ደግሞ ሲሙሌሽን አያስፈልግህም። ሁለት ቁጥር ብቻ ያዝ። ጥ = ሁለት የተመረጡ ጥጎች የመገናኘታቸው ዕድል። ሦ = ሦስቱም ጥጎች የመገናኘታቸው ዕድል። መነሻው አንዱ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው፦

ጥ = ፒ + (1−ፒ)ፒ²
ሦ = ፒ³ + 3ፒ²(1−ፒ)

ከዚያ ለ = ጥ − ሦ በልና ደረጃ በወጣህ ቁጥር፦

አዲሱ ጥ = ጥ² + ጥ³ − ሦ²ጥ
አዲሱ ሦ = ሦ³ + 6ሦ²ለ + 3ሦለ²

የመጀመሪያው ከየት እንደመጣ ወረቀት ላይ ሣለው። ከግራ ጥግ ወደ ቀኝ ጥግ በታች በኩል በሁለት ክፍል ታልፋለህ (ጥ²)፣ ወይም በላይኛው ክፍል ዞረህ በሦስት (ጥ³)፣ ሁለቱም የተሳኩበትን ሁለት ጊዜ እንዳትቆጥር ትቀንሳለህ (ሦ²ጥ)። ሁለተኛውን ራስህ አውጣው፣ ለዲፌንስም ይጠቅምሃል።

---

ኮዱ_አበደ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:25

ወይ ጉድ! በፒ 0.8 ከ0.928 ተነሥቼ በካልኩሌተር ወረድኩ። ደረጃ 5 ላይ 0.83፣ ደረጃ 8 ላይ 0.62፣ ደረጃ 9 ላይ 0.48፣ ደረጃ 10 ላይ 0.29፣ ደረጃ 11 ላይ 0.10። ከሲሙሌሽኔ ጋር ግጥም አለ። ሦስት ሌሊት የፈጀብኝን ፍርግርጓ በሁለት መስመር ጨረሰችው።

ፒን 0.9 አድርጌም ሞከርኩ። ዕድሉ ግማሽ ላይ እስኪደርስ 30 ደረጃ አካባቢ ይፈጃል። ይህን በሲሙሌሽን ልሥራ ብል ከ600 ትሪሊዮን በላይ መስመር ነው። በኔ ላፕቶፕ!

እኔ የምፈራው ግን ደረጃ 8 ላይ ቆሜ «ደፉ 0.78 ነው» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ነው። ማንም አይነቃብኝም ነበር።

---

ፍርግርጓ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:02

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። በካሬ ፍርግርግ መጠኑን ስትጨምር ቁጥሩ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። እዚህ ግን ወደ 1 ይሄዳል፣ ግን እንደ ኤሊ። አንድ ጫፍ የመነጠሉ ዕድል መነሻው ላይ (1−ፒ)² ነው፣ የሚያስፈልግህ የደረጃ ብዛትም በዚያ ቁጥር ተገላቢጦሽ ይሄዳል። 1−ፒን በግማሽ ስትቀንስ ደረጃው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ ደግሞ በየደረጃው እጥፍ ስለሚሆን የትየለሌ ነው። ስለዚህ በእጅ የሚያዝ መጠን ላይ ሐሰተኛ ደፍ ይታይሃል፣ ያውም የሚያምር።

---

ያለኝ_ግምት · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:40

እሺ ተሸነፍኩ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። 1.585 ዝቅተኛ ስለሆነ ነው ደፉ 1 የሆነው። የሲየርፒንስኪን ምንጣፍ ተመልከቱት፤ ካሬውን 9 ቦታ ከፍሎ መሃሉን የሚያወጣው ማለቴ ነው። ዳይሜንሽኑ 1.893 ነው፣ ደፉም ከ1 በታች ነው። እንግዲህ ዳይሜንሽን ከፍ ሲል ደፍ ዝቅ ይላል። መሠረታዊ ሐሳቤ አልፈረሰም።

---

ፍርግርጓ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:15

ይህን እንድትል ስጠብቅ ነበር :)

ምንጣፉ ደፉ ከ1 በታች ነው፣ ትክክል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ምንጣፉን መሃል ለመሃል ለሁለት ለመቁረጥ ስትሞክር በየደረጃው የምትቆርጣቸው ሕዋሳት (ትንንሾቹ ካሬዎች) በእጥፍ ይበዛሉ። ደረጃ 3 ላይ 8 ሕዋስ፣ ደረጃ 10 ላይ 1,024። አገሩ ሲሰፋ ድልድዩም ይበዛል። ፒ ለ1 ቀረብ ካለ ያ ሁሉ ድልድይ ባንድ ጊዜ የመዘጋቱ ዕድል በፍጥነት ይጠፋል።

አሁን ሌላ ፍራክታል ላምጣልህ። ካሬ ፍርግርግ ላይ ፒን ልክ ደፉ ላይ አድርግና የሚፈጠረውን ትልቅ ዘለላ ውሰድ። እሱ ራሱ ፍራክታል ነው፣ ዳይሜንሽኑ 91/48 ነው፣ 1.896። ከምንጣፉ 1.893 ጋር በዓይን የማይለይ፣ እንዲያውም በፀጉር የሚበልጥ። በአንተ ሕግ ደፉ ከምንጣፉ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት አይደል?

ደፉ 1 ነው። ማስረጃው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ዘለላው የተሠራው ልክ ደፉ ላይ ስለሆነ፣ ከላዩ ላይ ከመቶ አንድ መስመር ብትዘጋ ጠቅላላው ፒ ከ0.5 ወደ 0.495 ወረደ ማለት ነው፣ ከደፍ በታች ደግሞ ትልቅ ዘለላ የለም።

ሁለት ፍራክታሎች፣ ዳይሜንሽናቸው እስከ ሁለተኛው አስርዮሽ እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ አንዱ ዝርፊያን ይቋቋማል፣ ሌላው የመርፌ ጫፍ እንኳ አይቋቋምም።

---

ያለኝ_ግምት · ማክሰኞ፣ ማታ 2:31

…

እሺ።

---

ጀበና · ማክሰኞ፣ ማታ 3:00

ሒሳቡ አልገባኝም ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ፐርኮሌተር ቡና ማፍያ አይደለም እንዴ? ይህ ሁሉ ነገር ቡና ነው?

---

ዘለላ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:12

ሐሳቡ ሩቅ አይደለም፣ ውሃ በዱቄት ቀዳዳ ውስጥ መንገድ ፈልጎ ማለፉ ነው። የሒሳቡ መነሻ ግን የጋዝ ጭምብል ነው። ብሮድቤንት የተባለ እንግሊዛዊ ጭምብል ውስጥ በሚገባው ከሰል ላይ ይሠራ ነበር፤ ከሰሉ ቀዳዳ ከሌለው ጋዙ አይገባም፣ ካልገባ አይጣራም። ከሃመርስሊ ጋር ሆነው በ1957 ያወጡት ጽሑፍ ነው የሁሉ አባት።

በነገራችን ላይ «ደፍ» የምትለውን ቃል ወድጃታለሁ። «የመነሻ ገደብ» ምናምን ከሚሉት ትሻላለች። የበሩን ደፍ ካለፍክ ቤት ነህ፣ ካላለፍክ ደጅ ነህ።

---

የጉድጓድ_ሰው · ረቡዕ፣ ማታ 1:50

ልጆች፣ ሳላቋርጣችሁ። እኔ ሒሳብ ሰው አይደለሁም፣ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ጉድጓድ ሳስቆፍር የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ክር የወንድሜ ልጅ ላከልኝና ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ።

ደጋው ላይ የምንቆፍረው ባዛልት ነው። ባዛልት ራሱ ውሃ አይዝም፣ ውሃ ያለው ስንጥቁ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሌ ላይ ሪጉን አቁመን ገባን። ኮምፕረሰሩ ሲነፋ የሚወጣው ደቃቅ ግራጫ ዱቄት ነበር። 60 ሜትር ዱቄት፣ 90 ሜትር ዱቄት፣ ልብስህን ስታራግፍ አመድ የተነከርክ ትመስላለህ። 130 ላይ ደረቅ ብለን ተውነው። ገበሬዎቹ ዝም ብለው አዩን። 40 ሜትር ራቅ ብለን ሁለተኛውን ስንጀምር 72 ላይ ዱቄቱ ጨለመ፣ ረጠበ፣ ከዚያ ጭቃ ሆነ፣ ቀይ ቀዳዳማ ጠጠር ይዞ ውሃው ፈነዳ። እልል ተባለ፣ በግ ታረደ።

በማግስቱ ፓምፕ ቴስት ጀመርን። የመጀመሪያውን ሰዓት ውሃው ንቅንቅ አላለም። አራተኛው ሰዓት ላይ መውረድ ጀመረ። በነጋታው ፓምፑ አየር ይስብ ነበር። ውሃው ነበረ፣ ግን ከኋላው ምንም የለም።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ስንጥቁ ተገናኝቷል፣ ውሃም ሞልቶታል። ታዲያ ምን ሆነ? የናንተ ደፍ ይህን ያውቀዋል?

---

ኮዱ_አበደ · ረቡዕ፣ ማታ 2:20

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። ከኔ ሲሙሌሽን ይልቅ የርስዎ ጉድጓድ ነው ቴሲስ የሚሆነው።

---

ፍርግርጓ · ረቡዕ፣ ማታ 4:44

ጋሼ፣ እርስዎ የጠየቁት የዚህን ዘርፍ ትልቁን ጥያቄ ነው፣ በቻልኩት ልመልስ።

መገናኘትና መፍሰስ አንድ አይደሉም። ደፉ አካባቢ ያለውን ትልቅ ዘለላ ቢያዩት አብዛኛው አካሉ መውጫ የሌለው ቅርንጫፍ ነው፤ ገብተው የሚመለሱበት እንጂ የሚያልፉበት አይደለም። ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ፍሰት የሚሸከመውን ብቻ ለይተው ቢያወጡ አከርካሪ የምንለው ይቀራል። በሁለት አቅጣጫ በተዘረጋ ፍርግርግ የዘለላው ዳይሜንሽን 1.896 ሲሆን የአከርካሪው 1.64 ገደማ ነው። ዘለላው እየሰፋ በሄደ ቁጥር አከርካሪው ከጠቅላላው የሚይዘው ድርሻ እየመነመነ ይሄዳል ማለት ነው። የርስዎ ፓምፕ የመጀመሪያውን ሰዓት የጠጣው ከእነዚያ ቅርንጫፎች ይመስለኛል። ሞልተው ቆይተው ነበር፣ የሚሞላቸው ግን ቀጭን ነው።

በቁጥር ልበል። ከደፉ በመቶ አንድ ብቻ ብናልፍ፣ ቋሚ ማባዣዎቹን ትተን፣ የትልቁ ዘለላ ድርሻ ከጠቅላላው 0.5 አካባቢ ይደርሳል፤ የማሳለፍ አቅሙ ግን 0.0025 ነው። ዘለላው በአንዴ ይወፍራል፣ ፍሰቱ እያዘገመ ይከተላል። በግ ያሳረደው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፣ ፓምፑን ያደረቀው ሁለተኛው።

40 ሜትር ልዩነት ላይ አንዱ ደረቅ አንዱ እርጥብ መሆኑም እንግዳ አይደለም። ስንጥቅ እንደ ፍርግርግ እኩል አይደለም፣ አብዛኛው አጭር ነው፣ ጥቂቱ በጣም ረጅም። እኩል ርዝመት ያላቸውን እንጨቶች መሬት ላይ በዘፈቀደ ቢበትኑ፣ የብዛታቸው ጥግግት በርዝመታቸው ካሬ ተባዝቶ 5.64 ገደማ ሲደርስ ከዳር እስከ ዳር ይያያዛሉ። ርዝመቱ በካሬ ስለሚገባ እጥፍ የሚረዝም እንጨት ሩቡ ብዛት ይበቃዋል። ስለዚህ አንድ ረጅም ስንጥቅ ከብዙ አጫጭሮች ይበልጣል። የመጀመሪያው ጉድጓድዎ ያንን ረጅሙን ስቶት ይሆናል፣ ምናልባት በአምስት ሜትር።

---

የጉድጓድ_ሰው · ሐሙስ፣ ጠዋት 12:50

ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። የመጨረሻው ነገር ገብቶኛል፣ እኛም ረጅሙን ነው የምንፈልገው። በአየር ፎቶ ሸንተረሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን፣ ዋርካው በመስመር የበቀለበትን እናያለን።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ስንጥቅ ሁሉ ክፍት አይደለም። ረጅሙን አግኝተን ጭቃ ደፍኖት ያገኘንበት ጊዜ ብዙ ነው። እንደ ሊስትሮ ሳሙና የሚያዳልጥ ቀይ ጭቃ፣ ውሃ ጠብ አይለውም። የናንተ ፒ ይህን ይቆጥራል?

---

ፍርግርጓ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3:30

ፒ ማለት እሱ ነው ጋሼ! ስንጥቅ አለ ማለት መስመር አለ ማለት ነው፣ ጭቃ ደፈነው ማለት መስመሩ ተዘጋ። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። እኛ እያንዳንዱ መስመር ከጎረቤቱ ሳይማከር ይዘጋል ብለን ነው የምናሰላው። ጭቃው ግን ውሃ ነው የሚያመጣው፣ ውሃ በብዛት የሚያልፍበትን ረጅሙን ስንጥቅ ይበልጥ ሊደፍን ይችላል። ያኔ የኔ 5.64 አይሠራም።

ደግሞ አለት እንደ ሒሳቡ ፍራክታል እስከ ማለቂያ የለሽ አይሄድም። ከታች ማዕድኑ ቅንጣት ላይ፣ ከላይ የላቫው ንብርብር ውፍረት ላይ ይቆማል። ስለዚህ «ደፉ 1 ነው» የሚለው ለርስዎ ምንም አይሠራም፣ የሚሠራው የልጁ ሐሰተኛ ደፍ ነው፦ አሥር ሜትር ገደል ላይ ተያይዞ ያዩት ስንጥቅ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ተያይዞ ላይገኝ ይችላል፣ ፒው ሳይቀየር።

---

ያለኝ_ግምት · ሐሙስ፣ ከሰዓት 9:15

ኮዱ_አበደ፣ ምንጣፉን ደፍ ራስህ አውጣው እንጂ። እንደ ሦስት ማዕዘኑ በሁለት መስመር አይወጣም፣ ሲሙሌሽን ነው የሚያስፈልገው። እኔ ከዚህ በኋላ አልገምትም።

---

ኮዱ_አበደ · ዓርብ፣ ሌሊት 7:05

ጀምሬው ነበር። እስከ ደረጃ 7 ደህና ሄደ፣ 2,097,152 ሕዋስ። ደረጃ 9 ላይ 134 ሚሊዮን ሲሆን ፓይተን ሚሞሪውን ሁሉ በልቶ ላፕቶፑ ቀጥ አለ። ማውዙ እንኳ አይንቀሳቀስም።

---

ዘለላ · ዓርብ፣ ጠዋት 1:10

ሁሉንም ሚሞሪ ላይ አትጫን። ሆሸንና ኮፐልማን በ1976 ያወጡት ዘዴ አለ፣ ረድፍ በረድፍ እያነበብክ የላይኛውን ረድፍ የዘለላ ስሞች ብቻ ነው የምትይዘው። ደረጃ 9 ላይ አንድ ረድፍ 19,683 ሕዋስ ነው፣ ለስልክህም አይከብድም። አንድ ሕዋስ የምንጣፉ ቀዳዳ መሆኑን ለማወቅም የረድፍና የዓምድ ቁጥሩን (ከ0 ጀምረህ ቆጥረህ) በሦስት ቤት፣ ማለትም በ0፣ በ1ና በ2 ብቻ ጻፈው፤ አንድ ቦታ ላይ ሁለቱም 1 ከሆኑ ቀዳዳ ነው።

---

የጉድጓድ_ሰው · ዓርብ፣ ጠዋት 1:22

ደግሞ መብራት ሳይጠፋ በየመሃሉ ሴቭ አድርግ።

---

ኮዱ_አበደ · ዓርብ፣ ጠዋት 1:24

ጋሼ፣ እሱን ትናንት ማታ ነበር ሊነግሩኝ የሚገባው።